የፖከር ቺፕ ስብስብን ቤዝመንት ውስጥ ሳይበላሽ እንዴት ማቆየት ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ ዕቃ ሲበዛ መድረሻው ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለው ክፍል፣ ነው። ሻንጣው፣ የልጆች ጋሪ፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ትልቁ ረከቦት፣ ሁሉም እዚያ ይወርዳል። የፖከር ቺፕ፣ ማለትም በካዚኖ (በቁማር ቤት) በገንዘብ ፈንታ የሚያገለግለውን ክብ ፍሬ፣ የሚሰበስብ ሰውም ዓይኑ ወደዚያው መሄዱ አይቀርም፤ ቺፕ ይከብዳልና። አንድ የካዚኖ ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ8.5 እስከ 10 ግራም ይመዝናል። 1000 ፍሬ ሲሆን፣ ሳጥኑ ሳይቆጠር፣ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል።

ቤዝመንት ለቺፕ መጥፎ ቦታ አይደለም። ፀሐይ ስለማይገባው ቀለም አይደበዝዝም። ጣሪያ ሥር እንዳለው አቲክም በሰመር አይግልም። ጠላቱ እርጥበት ነው። ሰው ግን መጀመሪያ የሚሮጠው ሳጥን ለመግዛት ነው። የእኔ ምክር ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ክፍሉን አድርቁ፣ ሳጥኑ ይደርሳል።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ምክንያት አለው። ላስ ቬጋስ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ካዚኖ የሚሠራ ወይም ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ካላችሁ፣ ዛሬ ከሌሉ ካዚኖዎች የተረፈ ቺፕ እጃችሁ ገብቶ ይሆናል። ስታርደስት የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ሪቪዬራ በ2015፣ ትሮፒካናና ሚራዥ ደግሞ በ2024። ካዚኖ ሲዘጋ ቺፑን በገንዘብ የሚቀይርበት ቀነ ገደብ ያስታውቃል፤ በእጁ የቀረው እንዲወድም ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ የሚገኘው በየሰው ቤት የቀረው ብቻ ነው። ሻጋታ የበላውን የሚተካ ከየትም አይመጣም።

ደረጃ 1፦ ቺፑ ከምን እንደተሠራ ለዩ

ሁሉንም አንድ ላይ ከማሸጋችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ለዩት። ፖልሰን እንደሚባለው ዓይነት ስመ ጥር የካዚኖ ቺፖች ሸክላ ከሌሎች ነገሮች ጋር ተደባልቆ፣ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ የሚሠሩ ናቸው። መሃላቸው ላይ የካዚኖው ስምና የገንዘቡ መጠን የታተመበት ክብ ወረቀት አለ፤ ላዩ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ለእርጥበት ዋናው ተጋላጭ ይህ ወረቀት ነው። ውኃ በጠርዙ በኩል ከገባ ይነፋል፣ ይላቀቃል፣ ቀለሙም ይፈሳል።

የሴራሚክ ቺፕ ሥዕሉ ገጹ ላይ በቀጥታ ስለሚታተም ይጠነክራል። መደብር ውስጥ በሻንጣ የሚሸጠው ከባዱ ቺፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ሆኖ ውስጡ ብረት አለው። 11.5 ወይም 13.5 ግራም የሚመዝነው በዚህ ብረት ምክንያት ነው። እሱን ለጨዋታ ተጠቀሙበት፤ ብዙ አያስጨንቅም። የብረት ቶክኖችን (ሳንቲም የሚመስሉትን የካዚኖ ፍሬዎች)፣ በተለይ የብር ማዕድን ያለባቸውን፣ ለብቻ አስቀምጡ። ከአጥንት፣ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከዛጎል የተሠራ የጥንት ቺፕ ካላችሁ ቤዝመንት አታውርዱት። እርጥበት ከፍ ዝቅ ሲል ይሰነጠቃል። ቦታው ከላይ ያለው፣ ሰው የሚኖርበት ክፍል ነው።

ደረጃ 2፦ የቤዝመንቱን እርጥበት ለኩ

በአፍንጫ ብቻ አትፍረዱ። ሃይግሮሜትር የሚባል ትንሽ መለኪያ ግዙ፤ ዋጋው ቀላል ነው። ቺፑን ልታስቀምጡበት ያሰባችሁት ቦታ ላይ አድርጉትና ለጥቂት ሳምንታት ተከታተሉ። ከ35 እስከ 50 በመቶ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። 60 በመቶን ካለፈ ሻጋታ እየተጋበዘ ነው ማለት ነው። ልኬታው በጁላይና በኦገስት ካልተደረገ ግን ሙሉ አይደለም። በጃንዋሪ ማሞቂያ እየሠራ ደረቅ ያልሆነ ቤዝመንት ጥቂት ነው።

ቀጥሎ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ለዚህ በጣም የምወደው ቀላል ፈተና አለ። 45 በ45 ሳንቲሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ቁረጡ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አድርጋችሁ ኮንክሪቱ ወለል ላይ አሽጉት። ሌላ ደግሞ ግድግዳው ላይ። በማግሥቱ ተመልከቱ። ከላስቲኩ ሥር ውኃ ካዠ፣ እርጥበቱ ከአፈሩ በኮንክሪቱ አልፎ እየመጣ ነው። ላዩ ላይ ከሆነ ደግሞ ከአየሩ ነው። መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ይህን ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው ስለመጣነው ልማድ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍል ሲታፈን መስኮት ይከፈታል፣ ቤቱ ይናፈሳል። የደጋው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ይሠራል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ በጁላይ ይህን ብታደርጉ ነገሩ ይገለበጣል። ውጭ ያለው አየር ሞቃትና በውኃ የተሞላ ነው። ቀዝቃዛው ቤዝመንት ሲገባ ይቀዘቅዝና የተሸከመውን ውኃ ግድግዳው፣ ቧንቧውና ዕቃችሁ ላይ ይጥለዋል። በሰመር የቤዝመንቱን መስኮት ዝጉ። እናቶቻችን ያስተማሩን ስህተት ሆኖ አይደለም፤ አየሩ ሌላ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 3፦ ውኃውን ከምንጩ አስቁሙ

ከውጭ ጀምሩ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ከሆነ የጣሪያው ውኃ በሙሉ መሠረቱ ሥር ይወርዳል። አጽዱት። ከአሸንዳው የሚወርደው ቱቦም ውኃውን ቢያንስ 2 ሜትር ያህል ከቤቱ አርቆ እንዲያፈስ ማራዘሚያ አድርጉለት። በግድግዳው ዙሪያ ያለው አፈር ወደ ውጭ ያዘቀዝቅ። ብዙ ሰው ለቤዝመንት ችግር ሺህ ዶላር ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢያደርግ ይገላገል ነበር።

ሳምፕ ፓምፕ (ቤዝመንት ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ) ካላችሁ ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ይኑረው። ፓምፑ በጣም የሚፈለገው በዝናብ ማዕበል ጊዜ ነው፤ መብራት የሚጠፋውም ያኔ ነው።

እርጥበቱ ከአየሩ ከሆነ ዲሁሚዲፋየር (ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ማሽን) ግዙና 45 በመቶ ላይ አድርጉት። ባልዲውን በየቀኑ መድፋት ስለሚረሳ፣ የውኃውን ቱቦ በቀጥታ ወደ ወለሉ ማፍሰሻ አገናኙት። ክፍሉ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲቀዘቅዝ አንዳንዱ ማሽን ውስጡ በረዶ ይሠራና ውኃ መሰብሰቡን ያቆማል። ቀዝቃዛ ቤዝመንት ካላችሁ ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ቦታ ምረጡ

ከውጭ አፈር ጋር ከሚገናኘው ግድግዳ ይልቅ የመሃለኛውን ግድግዳ ምረጡ። ከቤት ማሞቂያዎቹ ከቦይለርና ከፈርነስ፣ ከልብስ ማጠቢያና ከወለል ማፍሰሻ ራቁ። ቀና ብላችሁ ጣሪያውንም እዩ፤ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ካለበት ሥር አታድርጉት። መደርደሪያው ቀለም የተቀባ ብረት ቢሆን እመርጣለሁ። ከግድግዳው ጥቂት ሳንቲሜትር ይራቅ፤ አየር ይለፍበት። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ 30 ከሆነ ደግሞ ይሻላል። ሳጥን በቀጥታ ኮንክሪት ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። አጠገቡ ወለሉ ላይ ውኃ ሲነካው የሚጮኽ ትንሽ ማስጠንቀቂያ አድርጉ።

ደረጃ 5፦ ቀስ ብላችሁ አጽዱ

እዚህ ላይ ጉጉት ብዙ ቺፕ አበላሽቷል። የሸክላ ቺፕ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። ዲሽዋሸር ውስጥ አይገባም። አልኮልና አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) አታስነኩት። አቧራውን ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያነሳዋል። ያልለቀቀ እድፍ ካለ በጣም በትንሹ የረጠበ ጨርቅ በጠርዙ ላይ ብቻ አሳልፉ፣ መሃሉን ወረቀት ሳትነኩ። ከዚያም ሳታሽጉ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ብርቅ የሆነውን ቺፕ ጭራሽ ባታጸዱት ይሻላል። ሰብሳቢ ያደፈ ቺፕ ይገዛል፤ የተፋቀ ግን አይፈልግም።

ደረጃ 6፦ በትክክለኛው ዕቃ አሽጉ

የተለመደው የካዚኖ ቺፕ ስፋቱ 39 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ለሳንቲም የሚሸጠው ጠንካራ ክብ ካፕሱል በዚህ ልክ ይገኛል። ዋጋ ያለውን ቺፕ አንድ በአንድ እዚያ ውስጥ አስገቡ። ለሌላው ማይላር ከሚባለው ጠንከር ያለ ስስ ፕላስቲክ የተሠራ የሳንቲም ኪስ ይበቃል። ተጠንቀቁ፤ ለስላሳና ተለጣጭ ሆኖ እንደ አዲስ የሻወር መጋረጃ የሚሸት ኪስ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል፣ ቺፑንም ብረቱንም ያበላሻል። ዛሬውኑ አውጥታችሁ ጣሉት።

ለጨዋታ የሚሆነው ስብስብ 100 ፍሬ በሚይዝ የአክሪሊክ ትሪ፣ በአምስት ረድፍ ሃያ ሃያ ሆኖ ቢደረደር ይመቻል። አታጨናንቁት፤ የሸክላ ቺፕ ጠርዙ በቀላሉ ይሸረፋል። የሚለጠጥ የላስቲክ ማሰሪያ አታድርጉበት፣ በጋዜጣ አትጠቅልሉት። ውስጡ ስፖንጅ ያለው የአሉሚኒየም ሻንጣ ለጉዞ ጥሩ ነው። ለዓመታት ማስቀመጫ ግን አልመክረውም፤ ስፖንጁ ሲያረጅ ይፈረፈራል፣ ይጣበቃል። የኦክና የጥድ እንጨት ሣጥን ያምራል፣ ግን አሲድ ያለው ትነት ስለሚያወጣ ለብረት ቶክን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ክዳኑ ጎማ ባለው የፖሊፕሮፒሊን (የጠንካራ ፕላስቲክ) ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) እና ሌላ ትንሽ ሃይግሮሜትር ጨምሩበት። የምታሽጉበትን ቀን ምረጡ፤ ክፍሉ ደረቅ በሆነበት ቀን ይሁን። እርጥብ አየር ይዞ የተዘጋ ሳጥን እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል። ቀለም የሚቀይረው ሲሊካ ጄል ሲጠግብ ያስታውቃል። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ሙቀት ኦቨን ውስጥ አድርቃችሁ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

እሳት የማይበግረው ካዝና ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ግድግዳው ውስጥ ያለው እሳት መከላከያ ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ ውስጡ ከክፍሉ ይልቅ ሊረጥብ ይችላል። ቺፑን በታሸገ ሳጥን አድርጋችሁ አስገቡ፣ ሲሊካ ጄሉንም ቶሎ ቶሎ እዩ። ሳጥኑ ላይ «የካዚኖ ቺፕ» ብላችሁ አትጻፉ። ቁጥር ይበቃል።

ደረጃ 7፦ መዝግቡ፣ ኢንሹራንሱን አንብቡ

እያንዳንዱን ቺፕ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱ። ካዚኖው፣ ከተማው፣ የገንዘቡ መጠን፣ የተገዛበት ዋጋና የሳጥኑ ቁጥር ይመዝገብ። ኮፒው ከቤዝመንት ውጭ ይቀመጥ።

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። የፍሳሽ ቧንቧ ወደ ኋላ ተመልሶ ቤዝመንት ቢሞላም ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ውል ይጠይቃል። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ እንኳ ቤዝመንት ውስጥ ያለን የግል ዕቃ በአብዛኛው አይከፍልም። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ውኃው ከገባ በኋላ ነው፤ ያሳዝናል። ስብስቡ ዋጋ ካለው ለብቻው ስለሚመዘገብ ሽፋን ወኪላችሁን ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ውኃ ከደረሰበት

በየሰመሩ መግቢያና መውጫ ሳጥኑን ከፍታችሁ እዩ፣ አሽትቱም። ከከባድ ዝናብ በኋላም እንዲሁ። ቺፑ ረጥቦ ካገኛችሁት መጀመሪያ የኤሌክትሪኩ ነገር ደህና መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ከካፕሱሉና ከኪሱ ሁሉንም አውጡ። ንጹህ ውኃ ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ውኃውን አድርቃችሁ ነጭ ፎጣ ላይ ሳይነካኩ ዘርጉት፣ ቬንቲሌተር ከሩቅ ይንፈስበት። የፀጉር ማድረቂያ፣ ኦቨንና ፀሐይ አይሆኑም፤ የሸክላው ቺፕ ይጣመማል። የፍሳሽ ውኃ ከሆነ ያለ ጓንት አትንኩ። ሻጋታ ያወጣውን ከሌላው ለዩ፤ ውጭ ወስዳችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ ከደረቀ በኋላ ብቻ በብሩሽ አራግፉት። ደህናውን ወደ ሳጥኑ የምትመልሱት የክፍሉ ሃይግሮሜትር ከ50 በመቶ በታች ወርዶ ለጥቂት ቀናት እዚያው ሲቆይ ነው።