ፎቶ ኮፒ ቤት ኢሜይላችሁን ከፍታችሁ እንዳትወጡ

ትናንት እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ፕሪንት ላስደርግ ገብቼ ጂሜይል ስከፍት፣ የማላውቃት ልጅ ኢሜይል ተከፍቶ ጠበቀኝ። ዳውንሎድ ውስጥ ደግሞ የፋይዳ መታወቂያዋ፣ ዲግሪዋ፣ ሲቪዋ ተደርድሯል። በጣም ደነገጥኩ። ዘግቼላት ፋይሎቹንም አጠፋሁላት።

ኢሜይል እንደ ቀላል ነገር አይታይ። የፌስቡክም ሆነ የሌላ አካውንት የይለፍ ቃል «ረሳሁ» ሲባል መቀየሪያው የሚላከው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው፤ ኢሜይሉን የያዘ ሌላውንም ይከፍታል።

እባካችሁ፣ የይለፍ ቃላችሁን ለሠራተኛው ነግራችሁ «አንተው አውጣልኝ» አትበሉ። ከተቻለ ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ካልሆነ በኢንኮግኒቶ (ስትዘጉት የገባችሁበትን አካውንት በማያስቀምጠው የብሮውዘር መስኮት) ክፈቱ፤ ስትጨርሱ መስኮቱን ዝጉ፣ ያወረዳችሁትን ከሪሳይክል ቢን ጭምር አጥፉ። ከዚህ በፊት ከፍታችሁ ረስታችሁ ከሆነ አሁኑኑ በስልካችሁ የጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ደህንነት የሚለው ሥር የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች እዩ፤ የማታውቁትን ሳይን አውት በሉት፣ የይለፍ ቃሉንም ቀይሩ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም (ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልካችሁ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) እዚያው አብሩት። ከዚያ በኋላ በስልካችሁ የሚመጣውን ኮድ «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚልም ቢሆን አትንገሩ።