ሻምፖውን ገልብጣችሁ አንብቡ፦ ስለ ፀጉር መጠበቂያዎች የምንሰማው ሁሉ እውነት አይደለም

ባለፈው ሻምፖ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ሻጩ ልጅ "እህቴ ይሄን ውሰጂ፣ ሰልፌት የለውም፣ ፓራቤን የለውም፣ ሲሊኮን የለውም" አለኝ። ዋጋው አጠገቡ ካለው እጥፍ ነው። "እሺ፣ የሌለውን ነገርከኝ፣ ያለውስ ምንድን ነው?" ስለው ጠርሙሱን አገላብጦ አየና ዝም አለ። በልጁ አልፈርድም። አብዛኞቻችን የምንገዛው ፊት ለፊቱን አይተን ነው፣ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ማስታወቂያ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከጀርባ፣ በዚያች ደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ ነው። እሷን ማንበብ ከለመዳችሁ ብዙ ብር ይተርፋችኋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ መፍራት ያለባችሁን ነገር ትለያላችሁ።

አነባበቡ ቀላል ነው። ዝርዝሩ የሚጀምረው በብዛት ካለው ነው። "አኳ" ማለት ውሃ ነው፣ ሻምፖና ኮንዲሽነር ላይ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። ከውሃው ቀጥለው ያሉት አራት አምስት ስሞች ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ናቸው። ወደ ታች ሲወረድ መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ደግሞ እንደተፈለገ ተቀላቅለው ሊጻፉ ይችላሉ። ድንበሩ የት እንደሆነ ለመገመት እኔ የምጠቀምበት ዘዴ አለ። "ፌኖክሲኤታኖል" የሚል ስም ፈልጉ። ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር ነው፣ በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ከሱ በታች የተጻፈው ሁሉ ያው 1 በመቶ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ፊቱ ላይ የአርጋን ዘይት በትልቁ ተጽፎ ጀርባው ላይ አርጋኑ ከፌኖክሲኤታኖል በታች ከሆነ፣ ያለው ጠብታ ያህል ነው። ለሱ ብላችሁ እጥፍ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ተፈሩት ስሞች እንምጣ። ሰልፌት (ሻምፖው አረፋ እንዲያወጣና ቅባት እንዲያጥብ የሚያደርገው ነገር) ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) በኢሜይል ከሰው ሰው ሲተላለፍ የነበረ ነው፣ ዛሬም በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዞራል። ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። እውነት የሆነው ሌላ ነው፣ ቆዳን ሊቆጠቁጥና ፀጉርን ሊያደርቅ ይችላል። "ሎሬት" የሚለው ወንድሙ ለስለስ ይላል። ግን እስቲ የኛን አኗኗር አስቡት። በሳምንት አንዴ ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ የምንታጠብ፣ መሀል ላይ ቅባት የምንደራርብ፣ አንዳንዴም ቅቤ የምንቀባ ሰዎች ነን፣ ይሄን ሁሉ ቅባት አንድ ለስላሳ ሻምፖ ብቻውን ጠርጎ አያወጣውም፣ ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ ሦስቴ አራቴ እየደጋገምን እናሻለን፣ በዚህ መሀል የሚሰበረው ፀጉር ከሰልፌቱ ጉዳት ይብሳል። ስለዚህ ቅቤ ወይም ወፍራም ቅባት ከነበራችሁ ሰልፌት ያለውን ተጠቀሙ። የራስ ቆዳችሁን ብቻ በጣታችሁ ጫፍ እሹ፣ አረፋው እየወረደ ጫፉን ያጥበዋል። ከዚያ ኮንዲሽነሩን ከመሀል ወደ ጫፍ ቀቡ። ፀጉራችሁ ቀለም የተቀባ ወይም የደረቀ ከሆነና ቅባት የማታበዙ ከሆነ ግን ሰልፌት የሌለው ይስማማችኋል።

አልኮልም እንዲሁ ነው። ታናሽ እህቴ አንድ ጥሩ ኮንዲሽነር "አልኮል አለው" ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ያነበበችው "ሴቲል አልኮል" የሚለውን ነበር። ሴቲል፣ ስቴሪል፣ ሴቴሪል የሚባሉት በስም ብቻ አልኮል ናቸው እንጂ እንደ ሰም የጠጠሩ ቅባታማ ነገሮች ናቸው። ፀጉር የሚያለሰልሱትም እነሱ ናቸው። የሚያደርቀው "አልኮል ዲናት" ወይም "አይሶፕሮፒል" የሚለው ነው፣ እሱም ከዝርዝሩ አናት ላይ ሲገኝ፣ በተለይ ጄልና ስፕሬይ ላይ።

ፓራቤንም ምርቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር ነው። ፍርሃቱ የመጣው በ2004 ከወጣ አንድ ጥናት ነው። ከጡት ካንሰር በተወሰዱ 20 እባጮች ውስጥ ፓራቤን ተገኘ። ጥናቱ ግን ጤነኛውን የጡት አካል አላወዳደረም፣ ካንሰሩን ያመጣው ፓራቤን ነው ብሎም አላረጋገጠም። አውሮፓ የተወሰኑ ዓይነቶችን ከልክሎ ሜቲልና ኢቲል ፓራቤንን በልክ ፈቅዷል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ድርጅቶች "ፓራቤን የለውም" ለማለት ሲሉ ብዙዎቹ በምትኩ ሜቲልአይሶታያዞሊኖን የሚባል ሌላ መጠበቂያ ጨመሩ፣ እሱ ደግሞ የብዙ ሰው ቆዳ አስቆጣ፣ እስከዚህም ድረስ አውሮፓ ሳይታጠቡ ከሚተዉ ቅባቶች ውስጥ አስወጣው። በ2019 የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር ፓራቤንን የዓመቱ "አለርጂ የማያመጣ" ብሎ ሰየመው። የራስ ቆዳችሁ ከሻምፖ በኋላ የሚያሳክክ ከሆነ እንግዲህ የምትፈልጉት ስም የትኛው እንደሆነ አወቃችሁ።

ሲሊኮን ፀጉር "ያፍናል" ይባላል። ፀጉር አይተነፍስም። ከቆዳው በላይ የምናየው ክር የሞተ ነው፣ ሕይወቱ ሥሩ ላይ ነው። ሲሊኮን ላዩን ሸፍኖ ማበጠሪያ እንዲያልፍ ያደርጋል፣ ፒያስትራ ለምትጠቀሙ ከሙቀቱም በመጠኑ ይከላከላል። ሲደራረብ ከከበዳችሁ በሰልፌት ሻምፖ አንዴ ታጠቡት፣ ይለቃል። ቫዝሊንም ያው ነው። ውሃ አያስገባም፣ የነበረውን ግን ይይዛል። ስለዚህ እርጥብ ፀጉር ላይ ቀቡት። ደረቅ ፀጉር ላይ ብትቀቡት ደረቁን ነው የምትይዙት።

እዚህ ላይ ስለ ቅቤ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ለጋ ቅቤ ለደረቀ ፀጉር ጥሩ ነው፣ እናቶቻችን አልተሳሳቱም። ስህተቱ ፎረፎር ሲይዘን ራሳችን ደርቆ ነው ብለን ቅቤ መቀባታችን ነው። ፎረፎር ብዙ ጊዜ ድርቀት አይደለም። ማላሴዚያ የሚባል በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ፈንገስ ሲበዛና ቆዳው ሲቆጣ የሚመጣ ነው። ፈንገሱ የሚበላው ደግሞ ቅባት ነው። ቅቤውንም፣ የወይራ ዘይቱንም ይበላል። ቅቤ የቀባችሁ ቀን ቅርፊቱ ረጥቦ ስለሚጣበቅ የጠፋ ይመስላል፣ በሦስተኛው ቀን ብሶ ይመለሳል፣ እኛም ሌላ ቅቤ እንጨምራለን። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት በዚህ ዙር ውስጥ ነበርኩ። የሚያስገርመው "ኬሚካል" ብለን የምንሸሸው ቫዝሊን ለዚህ ፈንገስ ምግብ አይሆንም።

ፎረፎር ካለባችሁ ቅቤውንና ዘይቱን ከራስ ቆዳ ላይ አቁሙ፣ ከፈለጋችሁ ጫፉን ብቻ ቀቡ። ከፋርማሲ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፖ ግዙ። ቆዳው ላይ ቀብታችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆዩና ታጠቡ። ወዲያው ማጠብ ሻምፖውን መድፋት ነው። በሳምንት ሁለቴ ለአንድ ወር ያህል፣ ፀጉራችሁ ደረቅ ከሆነ ግን በሳምንት አንዴ ይበቃል። ፀጉሩን ስለሚያደርቅ ጫፉን በኮንዲሽነር ካሱት። ልጅ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ከተሰበረና ከተላጠ ግን ያ ቆረቆር ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሚድነው ለሳምንታት በሚዋጥ መድኃኒት ነው፣ ቅባት ብቻውን አያድነውም። ነጭ ሽንኩርት አትሹበት፣ ቆዳ ያቃጥላል።

አሁን በእውነት ወደሚያስፈራው። አንድ ጊዜ አንድ ፀጉር ቤት ኬራቲን (በፒያስትራ ሙቀት ፀጉር የሚያስተካክለውን) ልሠራ ሄድኩ። ፒያስትራው ፀጉሬን ሲነካ ጭስ ወጣ፣ ዓይኔ አቃጠለኝ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። "ፎርማሊን የለውም፣ እይው ተጽፏል" አለችኝ ሠራተኛዋ። እሷም እያለቀሰች ነበር የምትሠራው፣ በቀን ስንቴ እንደምትተነፍሰው አስቡት። ፎርማሊን ማለት በውሃ የተበጠበጠ ፎርማልዳይድ ነው። ፎርማልዳይድን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ አስቀምጦታል። ጠርሙሱ ላይ "ሜቲሊን ግላይኮል" ወይም "ፎርማሊን" ካለ ሲሞቅ የሚወጣው እሱ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2011 "የለውም" ተብሎ የተጻፈባቸው ላይ እንኳ እንደተገኘ አስጠንቅቋል። በፎርማልዳይድ ምትክ የመጣው ግላዮክሲሊክ አሲድም ከጉዳት ነፃ አይደለም። እስራኤል ውስጥ ከ2019 እስከ 2022 ፀጉር ካስተካከሉ በኋላ ኩላሊታቸው የተጎዳ 26 ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ጠርሙሱን አሳዩኝ በሉ። ካላሳዩ ተነሱ። ዓይናችሁ ካቃጠለም በመሀል አስቁሙ፣ ማፈር የለም።

ሪላክሰር (ፀጉር የሚያስተካክለው ክሬም) ላይ ደግሞ "ኖ ላይ" (No-Lye) የሚለውን አትመኑ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የለውም ማለት እንጂ አያቃጥልም ማለት አይደለም፣ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካላይ መለኪያው) ያው 12 አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፣ ይህም ቆዳ የሚያቃጥል ልክ ነው። የልጆች ተብሎ የሚሸጠውም እንደዚያው። በ2022 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትሎ፣ በማያስተካክሉት ላይ እስከ 70 ዓመት የማሕፀን ካንሰር ዕድል 1.64 በመቶ፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ በሚያስተካክሉት ላይ 4.05 በመቶ ሆኖ አግኝቷል። ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው ብሎ አልደመደመም፣ ለኔ ግን ድግግሞሹን ለመቀነስ በቂ ነው። የምትሠሩ ከሆነ ራሳችሁን ባከካችሁበት ወይም በታጠባችሁበት ቀን አትሥሩ፣ ቆዳውን በቫዝሊን ሸፍኑ፣ አዲስ የበቀለውን ብቻ አስነኩ፣ የልጅ ፀጉር ላይ ደግሞ ጭራሽ አታስጠጉት።

"ጥቁር ሂና፣ ተፈጥሯዊ" የሚባለውም አለ። ሂና ቅጠሉ የሚሰጠው ከብርቱካናማ እስከ ቀይ ቡናማ ነው። ብቻውን ጥቁር አይሰጥም። በደቂቃ ውስጥ ከጠቆረ ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ተጨምሮበታል፣ እጅና እግር ላይ ሲቀባ ቆዳ ያቆስላል። አንዴ ካስቆጣችሁ ዕድሜ ልክ ሊከተላችሁ ይችላል፣ ያኔ ጥቁር የፀጉር ቀለም መቀባትም ያበቃል። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶች ለሠርግና ለዒድ ስትቀቡ ሽታውንና ቀለሙን እዩ።

ፀጉር "ያሳድጋሉ" ስለሚባሉት ብዙ አልልም። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፣ ሻምፖ አያፈጥነውም። የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ዘይት ሚኖክሲዲል ከሚባለው የፀጉር መሳሳት መድኃኒት ጋር የተወዳደረበት የ2015 ጥናት 100 ሰው ብቻ ነበረው፣ ምንም ያልተቀባ ቡድንም አልነበረውም። ብትሞክሩት አይከፋም፣ ተስፋችሁን ግን አትጣሉበት። ባዮቲን ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ፣ የታይሮይድና የልብ ምርመራ ውጤት ያዛባል። ግንባራችሁ ላይ ፀጉሩ እየሸሸ ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱን ትታችሁ ሹሩባውን ተመልከቱ። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ሥሩን ይነቅላል፣ ቶሎ ከተወ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቆየ ግን ላይመለስ ይችላል። ስትሠሩ ካመማችሁ ጠብቋል፣ ፍቺና ላላ አድርጊልኝ በሏት።

አዲስ ነገር ስትገዙ ከክርናችሁ በውስጥ በኩል ትንሽ ቀቡና 48 ሰዓት ጠብቁ። ቀለም ከሆነ ባለፈው ዓመት ምንም ባይላችሁም እንደገና ሞክሩት።