ከሎንግየርቢየን እስከ ኡትኪያግቪክ፦ የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ እንዴት ይሰላል?

በኖርዌይ የስቫልባርድ ደሴቶች የሚገኘውን የሎንግየርቢየን አውሮፕላን ማረፊያና በአሜሪካ የአላስካ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ ያለውን የኡትኪያግቪክን በግድግዳ ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው፣ አንዱን ከካርታው መካከል፣ ሌላውን ከግራ ጥግ ስለሚያገኝ፣ መንገዱ የዓለምን እኩሌታ የሚያዞር ይመስለዋል። ሁለቱ ግን በሰሜን ዋልታ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ የቦታዎቹን ኬክሮስና ኬንትሮስ በአስርዮሽ ይጻፉ፤ ሎንግየርቢየን 78.25 ዲግሪ ሰሜን፣ 15.5 ምሥራቅ ሲሆን፣ ኡትኪያግቪክ 71.3 ሰሜን፣ 156.8 ምዕራብ ነው። ቀጥሎ የኬንትሮሱን ልዩነት ያውጡ። አንዱ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ስለሆነ ቁጥሮቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀናነሱም፤ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ውጤቱ 172.3 ይሆናል፤ ከ180 ቢበልጥ ኖሮ ከ360 ላይ ይቀነስ ነበር።

ከዚያ ካልኩሌተሩ በዲግሪ መሥራቱን ያረጋግጡና የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን እርስ በርስ ያባዙ። ለብቻው ደግሞ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን ከኬንትሮስ ልዩነቱ ኮሳይን ጋር አባዝተው ከፊተኛው ላይ ይደምሩ፤ ይህ ሁለተኛው ብዜት እዚህ ነጌቲቭ ስለሚሆን ምልክቱን አይርሱ። የድምሩ ተገላቢጦሽ ኮሳይን (በካልኩሌተሩ cos⁻¹) 30.4 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ርቀቱ ወደ 3,380 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለማጣራት እያንዳንዱን ኬክሮስ ከ90 ቀንሰው ቀሪዎቹን፣ ማለትም የየቦታውን ከዋልታው ርቀት በዲግሪ፣ ቢደምሩ ከ30.4 ጋር የሚቀራረብ 30.45 ያገኛሉ፤ ይህም መንገዱ ከዋልታው አጠገብ እንደሚያልፍ ያሳያል።

ጊዜውን ለማግኘት ርቀቱን ለፍጥነት ያካፍሉ። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት 4 ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጅበታል፤ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ነፋስ ካለ ማካፈል ያለብዎት ለ700 ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሂዩበርት ዊልኪንስና ካርል ቤን አይልሰን በባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከአላስካ ጫፍ ወደ ስቫልባርድ ሲሻገሩ 20 ሰዓት ያህል በአየር ላይ ቆይተዋል።

ይሁንና በሁለቱ መካከል መደበኛ ቀጥታ በረራ የለም። ተሳፋሪው በኦስሎ ወይም በትሮምሶ በኩል ወጥቶ በአንኮሬጅ ወይም በፌርባንክስ በኩል መግባት ስላለበት፣ እያንዳንዱን በረራ ለየብቻ አስልቶ በየመሸጋገሪያው የሚጠብቅበትን ጊዜ መደመር ይኖርበታል። ድምሩን ከመሥራትዎ በፊት ሁሉንም ሰዓት ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ይለውጡ፤ የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰዓት ቢሆንም፣ አሜሪካና ኖርዌይ ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በተለያየ ቀን ስለሆነ በማርች ለጥቂት ሳምንታት፣ በኦክቶበር መጨረሻም ለአንድ ሳምንት 9 ይሆናል።