የስፒከር ሽቦ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን ውስጥ አምፕሊፋየሩ (አምፑ) ቲቪው ስር ነው፣ አንዱ ስፒከር እዛው አጠገቡ ሌላኛው ደሞ ከበሩ ማዶ። በዓይን ሲታይ 4 ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ሽቦ አየር ላይ አይሄድም አይደል፣ ግድግዳውን ይዞ በበሩ አናት ዞሮ ሲወርድ 9 ሜትር ሆነ። ስለዚ ሽቦው በሚሄድበት መንገድ ለኩ፣ ጫፉን ለመላጥና ስፒከሩን ወዲህ ወዲያ ለማድረግ 1 ሜትር ጨምሩበት፣ ከዛ ነው ሱቅ የሚኬደው።

ርዝመቱ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ሽቦ ራሱ ሬዚስታንስ አለው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ትንሽ ይገታል (የሚለካው በኦም ነው)፣ በረዘመና በቀጠነ ቁጥር ይጨምራል። ኤሌክትሪኩ ደሞ ሄዶ ስለሚመለስ የኔ 9 ሜትር ሲቆጠር 18 ሜትር ነው። በፊት የነበረኝ ባለ 0.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ በዚ ርዝመት 0.6 ኦም ገደማ ይይዛል፣ ባለ 2.5 ግን 0.12 ብቻ። ብዙ ሰው የሚሄድበት ልክ የሽቦው ሬዚስታንስ ከስፒከሩ ኦም 5 ፐርሰንት እንዳያልፍ ነው፣ ለ8 ኦም 0.4 ለ4 ኦም 0.2 ማለት ነው (ስንት ኦም እንደሆነ ስፒከሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል)። ካለፈ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይላላል። ማሲንቆና የዘፋኝ ድምፅ ብቻ ስትሰሙ ላይታወቃችሁ ይችላል፣ ከበሮው ሲገባ ነው ልብ የምትሉት።

በቃ እንዲህ ያዙት (ሜትሩ የመንገዱ የአንድ ጉዞ ነው፣ እጥፍ አታድርጉት)፦ ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ ባለ 1.5 እስከ 15 ሜትር ይበቃል፣ 4 ኦም ከሆነ እስከ 8 ሜትር፣ ከዛ ካለፈ 2.5 ግዙ። ቁጥሩ የመዳቡ ስፋት በስኩዌር ሚሊሜትር ነው እንጂ የፕላስቲኩ ውፍረት አይደለም፣ ፕላስቲኩ ወፍሮ ውስጡ ፀጉር የምታክል መዳብ ያለበት ሽቦ ሞልቷል።

እኔን የጎዳኝ ግን ሌላ ነው። ባህር ዳር ከአንድ ሱቅ ንፁህ መዳብ ነው ተብዬ የገዛሁት ሽቦ አልሙኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ነበር፣ ሁለት ሦስቴ ስጠመዝዘው ተቀነጠሰ። አልሙኒየም ሬዚስታንሱ ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሆነ ቁጥሩ 2.5 ቢልም 2.5 አይሰራም። ከመክፈላችሁ በፊት ጫፉን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ ግን አትፍሩ፣ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፣ እንዲያውም ቶሎ አይጠቁርም። በእጃችሁም መዝኑት፣ አልሙኒየሙ ይቀላል።

ለቤት መብራት የሚዘረጋው ባለ አንድ ዘንግ ድርቅ ያለው ሽቦ ድምፅ ያስተላልፋል፣ ግን በቀላሉ አይታጠፍም፣ ሲመላለስም ይሰበራል፣ ብዙ ክር ያለውን ለስላሳውን ውሰዱ። በወርቅ የተቀባ ጫፍ ያለውና በሜትር ብዙ ብር የሚጠየቅበት ደሞ አለ። ወርቁ አይዝግም እውነት ነው፣ ድምፅ ላይ ግን በቤት ርዝመት ምንም አይጨምርም፣ ያን ብር ስፒከሩ ላይ ብታውሉት ይሻላችኋል።

ስትገጥሙ አምፑን አጥፉ። ጫፉን 1 ሳንቲሜትር ገደማ ልጣችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምዝዙት፣ አንዲት ክር እንኳ አምልጣ ፕላስና ማይነሱን ካገናኘች አምፑን ልታቃጥል ትችላለች። ከሽቦው አንዱ ጎን መስመር ወይም ጽሁፍ አለበት፣ እሱን በአምፑም በሁለቱም ስፒከርም ፕላስ ላይ አድርጉት። የአንዱ ከተገለበጠ ስፒከሮቹ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ ይጠፋል። ከተጠራጠራችሁ ሁለቱን ስፒከር አጠጋግታችሁ ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ፣ ከዛ አምፑን አጥፍታችሁ የአንዱን ስፒከር ሽቦ ብቻ አገላብጡና ያንኑ ዘፈን ድገሙት፣ ቤዙ ሞልቶ የተሰማበት ነው ትክክሉ።