ነፋስ የሚያጣ ጎማና የዛገ ቸርኬ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

በየሳምንቱ አንዱን ጎማ ነፋስ የሚያስሞላ ባለ መኪና በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሚስማርን ነው፤ ሚስማር ሲጠፋ ቫልቩን ያስቀይራል፤ ቫልቩ ተቀይሮም ጎማው ሲተኛ አዲስ ጎማ ይገዛል። ወደ እኔ ከሚመጡት መኪኖች በአብዛኞቹ ላይ ግን ነፋሱ የሚያመልጠው በጎማው ሳይሆን በቸርኬው በኩል ነው፤ የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበት ብረት ዝጓልና። የዛገ የብረት ቸርኬ በአነስተኛ ወጪ ሊድን እንደሚችል፣ መዳን የማይችለው ደግሞ ያለ ርኅራኄ መጣል እንዳለበት ከዚህ በታች በዝርዝር አስቀምጫለሁ። መኪና በክሪክ ማንሳት፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ማስደገፍና ጎማ መፍታት የሚታወቁ ስለሆኑ አልመለስባቸውም።

ጎማው ቀስ በቀስ ነፋስ ያጣል፤ የተበሳ ቦታ ግን የለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት አራቱም ጎማዎች እኩል ቀንሰው ከተገኙ ጥፋቱ የቅዝቃዜው ነው፤ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማው ግፊት ከ1.5 እስከ 2 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚቀንሰው አንዱ ጎማ ከሆነ፣ በተለይም መኪናው ጥቂት ቀናት ሲቆም የሚብስ ከሆነ፣ ቸርኬው ይመርመር።

ምርመራው ጎማውን በገንዳ ውኃ ውስጥ አንድ ጊዜ አዙሮ ማውጣት አይደለም። ከዝገት የሚወጣ ነፋስ አረፋው ጥቃቅን ነው፤ አንዳንዴም አንድ አረፋ እስኪታይ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ጎማው ከመኪናው ወርዶ በጀርባው ይተኛ፤ በጎማውና በቸርኬው መካከል ያለው ቦይ በሳሙና ውኃ ይሞላና ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠበቅ፤ ከዚያ ተገልብጦ በሌላው ጎን ይደገም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በውስጠኛው ጎን፣ ማለትም ወደ ፍሬኑ በሚዞረው በኩል ነው፤ ጭቃ የሚጠራቀመውም ማንም የማያጥበውም ያ ጎን ስለሆነ። የቫልቩ ሥርም በዚያው ይታይ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በቲዩብለስ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ በሌለው ጎማ ውስጥ፣ ነፋሱን የሚይዘው የጎማው ጠርዝ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ መቀመጡ ብቻ ነው። በመቀመጫው ላይ ያለው ቀለም ሲቧጠጥ እርጥበት ይገባል፤ ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ጎማውን ከመቀመጫው እየገፋ ያነሳዋል፤ ሲረግፍ ደግሞ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ቀለሙን መጀመሪያ የቧጠጠው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ችግሩ ይመላለሳልና መናገር አለብኝ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጎማን ያለ ማሽን በብረት ዘንግ የሚፈለቅቅ፣ ዘንጉንም በባዶው ቸርኬ ላይ የሚያንሸራትት ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ምክንያት በቸርኬው ጫፍ ላይ በመዶሻ የሚመታው የባላንስ እርሳስ፣ ማለትም ጎማው ሲዞር እንዳይንቀጠቀጥ የሚለጠፈው ክብደት፣ ነው። ሦስተኛው ጎማ ለመግጠም የሚፈስሰው ብዙ የዱቄት ሳሙና ውኃ ሲሆን፣ ከጎማው በታች ተቋጥሮ ሲቀር ብረቱን በዝምታ ይበላዋል። ከአውሮፓ ያገለገሉ ሆነው የመጡና በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ያገኛቸው፣ ወይም ወደ ጅቡቲና ጨው ወደሚመረትበት አፍዴራ የሚመላለሱ መኪኖች ከዚህ ሁሉ በፊት ዝገቱን ይዘውት ይደርሳሉ።

አንድ የሜትር ታክሲ ሹፌር በአንዱ የቶዮታ ቪትስ ቸርኬ ላይ ሁለት አዳዲስ ጎማዎችን ተራ በተራ ከገጠመ በኋላ መጣ። በመጨረሻ የተሰጠው ምክር የውስጥ ጎማ እንዲያስገባ ነበር፤ አስገብቶም ነበር። ጎማውን ስንፈታው በሁለት እጅ የሚታፈስ የዝገት ቅርፊት ወጣ፤ የውስጥ ጎማው በቅርፊቱ ተፍቆ ሳስቷል። ሰውየው የከሰረው ገንዘብ ያንኑ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ያስጠርግ ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ትዕግሥት የለኝም፤ በቲዩብለስ ጎማ ውስጥ የውስጥ ጎማ መክተት ጥገና ሳይሆን አደጋን ማዘግየት ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል የሚፈጠረው ፍትጊያ በረጅም መንገድ ላይ ሙቀት ያመጣል፤ የውስጥ ጎማው ሲበሳም ነፋሱ ቀስ ብሎ ሳይሆን በቫልቩ ቀዳዳ ዙሪያ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ ይህ የደረሰበት አንድ ደንበኛ የመጣልኝ በጎታች መኪና ነው፤ ጎማው ተበጣጥሶ ቸርኬው በአስፋልት ተፍቆ ነበር።

መፍትሄው የሚከተለው ነው። ጎማው በማሽን ይፈታ፤ የቫልቩ ትይዩ በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት። እርሳሶቹ ይነቀሉ፤ አሮጌው ቫልቭ ተቆርጦ ይጣል። ቸርኬው ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ሆዱና ፊቱ በግራይንደር ላይ በሚታሰር የሽቦ ብሩሽ ሊጠረግ ይችላል፤ የጎማው መቀመጫ ግን በእጅ ይሠራ። በመቀመጫው ላይ የግራይንደር ድንጋይ ማሳረፍ ክልክል ነው፤ ድንጋዩ በአንድ ቅጽበት የሚቆፍረው ቦይ ከዝገቱ የባሰ የነፋስ መውጫ ይሆናል። በሽቦ ብሩሽ ቅርፊቱ ከረገፈ በኋላ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀመርና በ120 እና በ240 እየለሰለሰ፣ እንቅስቃሴው ሁልጊዜ የቸርኬውን ዙሪያ ተከትሎ ይሂድ። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያቋርጥ ጭረት ለነፋስ መንገድ ነው። መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳያደርጉ የሽቦ ብሩሽ አያስነሡ፤ ከብሩሹ የሚበረው ሽቦ ዓይን ያጠፋል፤ በአሮጌ ቀለም አቧራ ውስጥም መርዛማው የእርሳስ ማዕድን ሊኖር ይችላል።

ከተጠረገ በኋላ ጥፍር በመቀመጫው ላይ ይዙር። ጥፍር የማይዘው ጥቃቅን ጠባሳ በቀለም ይሸፈናል። ጥፍር የሚይዘው ግን ወደ ጎን ያልተዘረጋ ነጠላ ጉድጓድ በኢፖክሲ አንቲረስት (ዝገት በሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ) ሁለት ጊዜ ተሞልቶ ሊለሰልስ ይችላል። ጉድጓዶቹ ተያይዘው ከጠርዝ እስከ ሆድ ከደረሱ ቸርኬው በቃው፤ ተጨማሪ ቀን አይባክንበት። መቀመጫውን በስቱኮ (ከቀለም በፊት በሚለጠፍ መሙያ ልጥፍ) መሙላት ከንቱ ነው፤ ጎማው ሲገባ ተሰንጥቆ ይረግፋል።

የተጠረገ ብረት በቲነር በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ በዚያው ዕለት አንቲረስት ይቀባ። በክረምት ወራት እስከ ነገ ይቆይ ማለት ሥራውን እንደገና መጀመር ነው፤ ባዶ ብረት በአንድ ሌሊት እርጥበት ቡናማ ይሆናል። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ እጅግ ይሻላል፤ ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስልሶ ስለሚቀር የጎማው ጠርዝ ይልጠዋል። ጎማው ከመገጠሙ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ለፊት ለፊቱ ብርማ የዱኮ ቀለም የሚፈልግ ያንን በላዩ ይጨምር።

የቫልቩ ቀዳዳ ዙሪያ በውስጥም በውጭም ካልተጠረገ አዲሱ ቫልቭም ነፋስ ያስወጣል። በአነስተኛ መኪኖች ቸርኬ ላይ ቀዳዳው በተለምዶ 11.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ለሰፊ ቀዳዳ የተሠራ ወፍራም ቫልቭ በግድ አይገባ። በገበያ ላይ ከአንድ ክረምት በኋላ ሥሩ የሚሰነጠቅ ርካሽ ላስቲክ ቫልቭ ሞልቷል፤ ሥሩን በጣት አጥፎ ማየት በቂ ነው፤ ገና በሱቅ ሳለ ስንጥቅ ካሳየ ይተው።

የጎማው ጠርዝ ራሱ ላይ የተጣበቀው ዝገት በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ፤ በቢላ አይፋቅ። ለመግጠሚያ ጥቂት ለስላሳ የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣና ግሪስ ላስቲክን ይበላሉና አይነኩ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ጥቁር የጠርዝ ማሸጊያ ፈሳሽ በስሱ ቢቀባ ይረዳል፤ ባልተጠረገ ዝገት ላይ ግን ምንም አያድንም። ማስቲሽ (ማጣበቂያ) የሚቀቡ አሉ፤ ቀጣዩ ሰው ጎማውን ሲፈታ ጠርዙ ከቸርኬው ጋር ተቀዳዶ ይወጣል። ጎማው በቦታው እንዲቀመጥ ሲነፋ ከ40 ፒኤስአይ አይለፍ፤ በዚያ ካልገባ ነፋሱ ተለቆ ምክንያቱ ይፈለግ። ቤንዚን ረጭቶ በእሳት ማስነፋት የሚባለውን ዘዴ የሚሠራ ሰው ካጋጠመ ጎማውን ተቀብሎ መሄድ ይገባል።

ቸርኬው ከሞዞው አልላቀቅ ይላል

ሞዞ ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል ነው። ዳዶዎቹ፣ ማለትም የቸርኬው ማሰሪያዎች፣ ተፈትተው ጎማው ካልወጣ በመሃሉ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ዝገት ይዞታል። መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ ጎማን መርገጥና መምታት ሰው ገድሏል። ዳዶዎቹ ተመልሰው ይታሰሩና በአንድ ዙር ብቻ ላልተው ይተዉ፤ መኪናው ወደ መሬት ይውረድና በቦታው ወዲያና ወዲህ ይነቅነቅ፤ አብዛኛው በዚህ ይላቀቃል። ከወጣ በኋላ ሞዞው በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ፤ በመሃሉ ቀለበት ላይ ብቻ እጅግ ስስ ግሪስ ይቀባ። ግሪስ ወደ ብሎኖቹና ወደ ፍሬን ዲስኩ አይድረስ።

ዳዶዎቹ በየጊዜው ይላላሉ

ይህ ምልክት ሲታይ መኪናው አይነዳ። ቸርኬና ሞዞ በሚገናኙበት ፊት ላይ የዝገት ቅርፊት ካለ፣ ቅርፊቱ በጉዞ ላይ እየደቀቀ የዳዶው ጥብቀት ይላላል። ወፍራም ቀለምም እንዲሁ ያደርጋል፤ ይህንንም ከዝገቱ ባልተናነሰ አያለሁ። አንድ ወጣት ቸርኬዎቹን ራሱ አሳምሮ በሦስት ወፍራም ቅብ ቀብቶ፣ የዳዶ መቀመጫዎቹንም ጨምሮ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚንኳኳ ድምፅ ሰምቶ መጣ፤ በአንዱ ቸርኬ ላይ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው ነበር። የዳዶው ሾጣጣ መቀመጫ ምንም ቀለም አይነካው፤ ከሞዞው የሚገናኘው ፊት አንድ ስስ አንቲረስት ብቻ ይኑረው። ቀዳዳው ሞላላ የሆነ ቸርኬ አይበየድም፤ አይጠገንም፤ ይጣላል።

ለቪትስና ለመሰሎቹ ትናንሽ ቶዮታዎች የዳዶው ጥብቀት 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ግማሽ ሜትር እጀታ ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ማለት ነው። በቁልፉ ላይ ቆመው የሚዘሉ ሰዎች ብሎኑን ይመዝዙታል። ዳዶዎቹ በትይዩ ይጥበቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይፈተሹ።

መሪው ይንቀጠቀጣል

በቸርኬው ሆድ የደረቀ ጭቃ ይነሣ፤ ባላንስ ይሠራ። ካልተሻለ ቸርኬው ተጣሟል፤ በመዶሻ ማቅናት ለጫፉ ትንሽ ጉብታ እንጂ ለፊቱ አይሆንም።

ዝገቱ ብረቱን በልቶታል

የትንሽ መኪና ቸርኬ ዙሪያ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሚያባክነው ብረት የለውም። ከተጠረገ በኋላ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ይንኳኳ፤ ጤነኛው ይጮኻል፤ የሳሳው ድምፁ የታፈነ ነው። በዳዶ ቀዳዳዎች መካከልና ፊቱ ከዙሪያው ጋር በተበየደበት መስመር ላይ ስንጥቅ ይፈለግ፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ቀጭን የቡናማ ዝገት መስመር ሆኖ ይታያል። የተሰነጠቀ ቸርኬ ብየዳ አይመልሰውም። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ጎማ እንደተገጠመበት በማንኛውም ቸርኬ ላይ ብየዳም ሆነ እሳት አይቅረብ፤ ነፋሱ ቢለቀቅም እንኳ ላስቲኩ ሲግል የሚፈጥረው ጋዝ ይፈነዳል፤ በአቅራቢያ ያለውንም ሰው ይገድላል። የባትሪ አሲድ አፍስሶ ዝገት ማስለቀቅም ጤናማውን ብረት ጨምሮ የሚበላ፣ ትነቱም ሳንባ የሚያቃጥል ሥራ ነው።

ተተኪ ቸርኬ መግዛት

በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ያገለገለ ቸርኬ የሚገዛ ሰው አዲስ የተቀባውን ሳይሆን ዝገቱ በግልጽ የሚታየውን ይምረጥ። አንድ ደንበኛ በብርማ ቀለም የሚያበሩ አራት ቸርኬዎች አምጥቶ፣ በአንዱ መቀመጫ ላይ ማግኔት ሳስጠጋ አልያዘም፤ ከቀለሙ በታች ያለው ስቱኮ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ማግኔት በኪስ ይያዝ፤ ዙሪያው ሁሉ ይዳሰስ።

ከዚያ ልኩ ነው። በአራት ቀዳዳ ቸርኬ ላይ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ትይዩው ቀዳዳ መሃል ይለካ፦ ለቪትስ 100 ሚሊ ሜትር፣ ለላዳ 98፣ ለቆዩት በኋላ ጎማ ለሚነዱት ኮሮላዎች 114.3 ነው። የላዳውን በ100 ሞዞ ላይ በግድ የሚያስገቡ አሉ፤ ዳዶዎቹ ጋድለው ስለሚቀመጡ ጥብቀታቸው ሐሰተኛ ነው። የመሃሉ ቀዳዳ ለቪትስ 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከዚህ የጠበበ አይገባም። ቸርኬው ጎማ ሳይገጠምለት በመኪናው ላይ ታስሮ በእጅ ይዙር፤ ፍሬኑን የሚነካ ከሆነ ጥልቀቱ ሌላ ነው።

ከአሉሚኒየም ቸርኬ ወደ ብረት የሚመለስ ሰው ዳዶዎቹንም ይቀይር። የብዙ ቶዮታዎች የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ሲሆን፣ የብረቱ ቸርኬ የሚፈልገው ግን በ60 ዲግሪ የሾጠጠ ዳዶ ነው፤ ጠፍጣፋው በሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ቸርኬውን መሃል አያስይዘውም። የሁለቱም ክር 12 በ1.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ ያለ ችግር ይገባል፤ ስለዚህ ስህተቱ የሚታወቀው ከመንገድ ላይ ነው። ሻጩ ቸርኬውን ከነዳዶው እንዲሰጥ ይጠየቅ፤ ከሌለው ደግሞ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ለብቻ ይገዛ።