ፋይናንሻል ኤይድ የሚያስቋርጡ ስህተቶች

አሜሪካ ኮሌጅ የገባ የእኛ ሰው ፋፍሳ (የፌዴራል ፋይናንሻል ኤይድ፣ ማለትም የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) መሙላቱን አይረሳም። እርዳታው እንዲቀጥል ኮሌጁ ውጤቱን በየጊዜው እንደሚመዝን ግን ብዙዎች የሚያውቁት የእገዳው ኢሜይል ሲደርሳቸው ነው። መመዘኛው በአጭሩ ሳፕ (SAP፣ አጥጋቢ የትምህርት እድገት ማለት ነው) ይባላል። የፌዴራል ሕግ ስለሚያስገድድ ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) ወይም የፌዴራል ብድር የሚሰጥ ኮሌጅ ሁሉ አለው። የሚያየውም ሦስት ነገር ነው፦ ጂፒኤ ወይም አማካይ ውጤት (አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 2.0)፣ ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት ምን ያህሉን እንዳለፋችሁ (በብዙ ኮሌጆች ቢያንስ 67 በመቶ)፣ እንዲሁም ፕሮግራሙ ከሚጠይቀው ክሬዲት 150 በመቶ አለማለፋችሁን። እርዳታውን የሚያስቋርጡት የተለመዱ ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ኤፍ ከማገኝ ዊዝድሮው ላድርግ (ኮርሱን በመሃል ልተወው) ማለት። በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ምክሩ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ስለሚተላለፍ እውነት ይመስላል። ጂፒኤን ማዳኑ አይካድም። ነገር ግን የተተወው ኮርስ ከተመዘገባችሁበት ይቆጠራል፣ ካለፋችሁት አይቆጠርም። አንዲት ተማሪ በ12 ክሬዲት ጀምራ የሥራ ፈረቃዋ ሲቀየር ሁለት ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶች ብትተው፣ ያለፈችው 6 ከ12፣ ማለትም 50 በመቶ ብቻ ነው። በቀሩት ሁለት ኮርሶች ኤ ብታመጣና ጂፒኤዋ 4.0 ቢሆን እንኳ ከመስፈርቱ በታች ናት። ኢንኮምፕሊትም (ሥራው ስላላለቀ ውጤቱ ያልተሰጠ ኮርስ) እስኪሟላ ድረስ እንደዚሁ ነው።

ሁሉንም ኮርስ መተው ደግሞ ሌላ ዕዳ ያመጣል። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ያቋረጠ ተማሪ ከተሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ከፊሉ ተመላሽ ይሆናል፤ ኮሌጁም በዚህ የጎደለውን ክፈል ሊለው ይችላል። ሳይናገሩ መቅረትም አያድንም፤ አንድም ኮርስ ያላለፈን ተማሪ ኮሌጁ መቼ መማር እንዳቆመ ያጣራል። ስለዚህ ኮርስ የመተዊያውን ቁልፍ ከመጫናችሁ በፊት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ጠይቁ። በሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ኮርስ መቀያየር በሚፈቀድበት ጊዜ የተተወ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም።

በራሴ ገንዘብ የተማርኩት አይቆጠርም ብሎ ማሰብ። ይቆጠራል። ያለ እርዳታ የተማራችሁበት ሴሚስተርም በስሌቱ ውስጥ ይገባል።

ኮርስ ያለገደብ መድገም። ነርሲንግ ለመግባት አናቶሚን በተሻለ ውጤት መድገም የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ያለፋችሁትን ኮርስ የፌዴራል እርዳታ የሚከፍለው አንድ ጊዜ ብቻ ለመድገም ነው። በዚያ ላይ ባለ 4 ክሬዲቱን ኮርስ ሁለት ጊዜ ከወሰዳችሁት በተመዘገባችሁበት በኩል 8 ሆኖ ይጻፋል።

የትምህርት መስክ እየቀያየሩ መቆየት። ባለ 60 ክሬዲት አሶሺዬት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ጣሪያው 90 ነው። ነርሲንግ ጀምሮ ወደ አይቲ፣ ከዚያ ወደ አካውንቲንግ የዞረ ሰው ሳያስበው ይደርስበታል። ከሌላ ኮሌጅ ተቀባይነት ያገኘ ክሬዲትም ይደመራል። ለአዲሱ ፕሮግራም የማይሆኑትን የሚተዉ ኮሌጆች አሉ፤ የእናንተ ኮሌጅ እንዴት እንደሚያደርግ ከመቀየራችሁ በፊት እወቁ።

ይግባኝ አለመጻፍ፣ ወይም ልመና አድርጎ መጻፍ። በየሴሚስተሩ የሚመዝኑ ኮሌጆች መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በዚያ ሴሚስተር እርዳታው ይቀጥላል። ካልተስተካከለ ይቋረጣል፤ ያኔ ኮሌጁ የሚቀበል ከሆነ ይግባኝ ይቀራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ገመናን ለማያውቁት ሰው መንገር ከባድ ነው። ሕመሙንና የቤተሰቡን ችግር ደብቆ «ገንዘቡ በጣም ያስፈልገኛል» ብቻ ብሎ የሚጽፍ አለ። ችግረኛነት ለይግባኝ ምክንያት አይሆንም፤ እርዳታ የሚቀበለው ሁሉ ያስፈልገዋልና። ሕጉ የሚጠቅሰው የዘመድ ሞትን፣ የተማሪውን ሕመም ወይም ጉዳት፣ እና ሌላ ልዩ ሁኔታን ነው።

ደብዳቤው ሁለት ጥያቄ ይመልስ፦ ምን ደረሰባችሁ? አሁንስ ምን ተለወጠ? አባታችሁ አገር ቤት አርፈው ለቀብር ሄዳችሁ ከሆነ የአውሮፕላን ትኬቱንና የሞት የምስክር ወረቀቱን ከነትርጉሙ አያይዙ። ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የሚያሳምነው ግን እሱ ነው። የሌሊት ፈረቃውን ትቻለሁ፣ ልጆቼን የሚይዝልኝ ሰው አግኝቻለሁ፣ በዚህ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ እወስዳለሁ ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ቀነ ገደቡም እንዳያልፋችሁ።

ይግባኙ ሲፈቀድ ብዙ ጊዜ የትምህርት ዕቅድ ይሰጣችኋል፤ ከዕቅዱ ከወጣችሁ እርዳታው እንደገና ይቆማል። ባይፈቀድስ? አንድ ሴሚስተር አርፎ መመለስ ብቻውን መዝገቡን አይለውጥም። የሚያዋጣው አቅም በፈቀደ መጠን አንድ ሁለት ኮርስ እየከፈሉ ማለፍ፣ ቁጥሩ ከመስፈርቱ ሲደርስም ቢሮው ሄዶ እርዳታው እንዲመለስ መጠየቅ ነው።