ገላ በመዓዛማ ዘይት ሲታሽ፦ የጠብታው ልክና የእጁ አካሄድ

ኢሴንሻል ኦይል የሚባለው መዓዛማ ዘይት በአብዛኛው እንደ አረቄ በእንፋሎት የሚወጣ ነው። ከጆንያ ሙሉ ቅጠል የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ ኃይሉ ብርቱ ነው። ሳይበረዝ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ያቃጥላል፤ አንዴ የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ያንኑ ዘይት በኋላ በትንሹም ላይቀበል ይችላል። እጅን የሚያንሸራትተው መበረዣው ዘይት ነውና መጀመሪያ እሱን ያግኙ።

ጎንደር ላይ ቅርቡ ሰሊጥ ነው። ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚመጣው ሰሊጥ ሳይቆላ ከተጨመቀ የዘይቱ ሽታ ለስላሳ ነው፤ ከተቆላ ግን የወጥ ቤት ሽታው እንደ ላቬንደር (መዓዛማ አበባ) ያለውን ዘይት ይውጠዋል። ኑግ ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ አየር ሲነካው ይጣበቃል፣ ከአንሶላም አይለቅም። ሰሊጥ ለማይስማማው ሰው የወይራ ዘይት ይተካዋል።

ቅዳሜ ገበያም ይሁን ሱቅ ውስጥ መዓዛማውን ሲገዙ ጠርሙሱ ጠቆር ያለ ብርጭቆ መሆኑን፣ የተክሉም ስም መጻፉን ይዩ። ፕላስቲክ ውስጥ የተቀመጠውን ይተዉት፤ ዘይቱ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ቤት ሲደርሱ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ያሳድሩት። የቅባት ክብ ከተወ የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ሰው ሠራሽ ሽቶን ግን ይህ ፈተና አይለይም፤ ዋጋው ከሌላው እጅግ ከረከሰ መጠርጠር ነው።

ልኩ እንዲህ ነው፦ በ2 የሾርባ ማንኪያ ወይም 30 ሚሊ ሊትር ሰሊጥ ላይ ከ12 ጠብታ አይበልጥም፤ ይህ 2 በመቶ ገደማ ነው። ለአዛውንትና ቆዳው ለሚቆጣ ሰው 6 ጠብታ ይበቃል። ለምሽት 7 ጠብታ ላቬንደር፣ 3 የዕጣን፣ 2 የጠጅ ሣር ጥሩ ቅንብር ነው። ጠጅ ሣሩን ከ3 አያሳልፉ፤ መዓዛው ደስ ቢልም ቆዳን ይቆነጥጣል። ዕጣን ሰሊጥ ውስጥ ዘፍዝፎ የተነጠረውን ዘይት አገኛለሁ ማለት አይሆንም። የባሕር ዛፍ ዘይት ለደከመ እግር ይሆናል፣ ከሕፃናት ፊት ግን ይራቅ። ከልጣጩ የተጨመቀ የሎሚ ዘይት የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል ስለሚችል፣ እንደ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ፣ ፀሐዩ በሚበረታበት ከተማ ቀን ቀን አይነካም። ቆዳው ይቆጣ እንደሆነ ለማየት ቅልቅሉን አስቀድመው ከክርን በታች በውስጥ በኩል ጥቂት ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ።

የጎንደር ምሽት ስለሚቀዘቅዝ ሰሊጡን ከነጠርሙሱ ሙቅ ውኃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያቁሙት፤ እሳት ላይ አይጣድም። ጠብታው የሚገባው ከሞቀ በኋላ ነው፣ አለዚያ መዓዛው ይተናል። ከሰል አቀጣጥሎ መስኮት መዝጋት ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል፤ በጋቢ መሸፈን ይሻላል።

ታሺው በደረቱ ይተኛ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ትራስ ይግባለት፣ ከሚታሸው ቦታ በቀር ሁሉም ይሸፈን። ዘይቱን ጀርባው ላይ ሳይሆን መዳፍዎ ላይ አፍስሰው ያሙቁት። ሁለቱን መዳፎች ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አድርገው ከወገብ ወደ ትከሻ በቀስታ ይግፉ፣ በጎን በኩል ቀለል አድርገው ይመልሱ። አጥንቱን አይጫኑ። ከ10 ዙር በኋላ በአውራ ጣት የትከሻውን ሥጋ እያዞሩ ይሹ። ሰውየው ትንፋሹን ከያዘ ጫናው በዝቷልና ይቀንሱ። እግር ሲሆን ከታች ወደ ላይ ነው። ለጀርባ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ቆዳው መጎተት ሲጀምር ዘይት ይጨመራል እንጂ ጉልበት አይጨመርም።

ወለምታና ስብራት የዚህ ሥራ አይደለም። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና አምሞ ከሆነ ፈጽሞ አይሹት፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ትኩሳትና ቁስል ካለም ይቅር። ነፍሰ ጡር ሐኪሟን ሳትጠይቅ መዓዛማ ዘይት አትጠቀም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት።

የተረፈውን ጠቆር ያለ ብርጭቆ ውስጥ ቀኑን ጽፈው ከፀሐይ ያርቁት፤ የቆየ ዘይት ሽታ ሲያመጣ ይደፋ። ዘይት የጠጣ ፎጣ ተከምሮ ከቆየ በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ተዘርግቶ ይድረቅ።